የጥሪ ስም

ደብተር በፌስታል ተጠቅልሎ ሲመጣ ገና ከሩቁ ይደክመኛል። በፌስታል የሚመጣ ደብተር የሽማግሌ ደብተር ነው። በሦስት ዓይነት እስክሪብቶ ይጻፋል፣ ኅዳጉ ላይ እርማት ይሞላል፣ ባለቤቱ ደግሞ ከጀርባዬ ቆሞ «ይህን ተዪው፤ አይ፣ አትተዪው» ሲል ይውላል። ዜማ እባላለሁ፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ባሕር ዳር መናኸሪያው አጠገብ፣ በሰዓዲያ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት፣ ማመልከቻ፣ ሲቪ፣ የሠርግ ካርድና የሽማግሌ ደብተር እጽፋለሁ። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው ነጥብ ለጥቂት አመለጠኝ፤ እሱን አታንሱብኝ።

ያን ጊዜ የመጡት ባለደብተር አቶ ዳኘው ናቸው። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ባዶ ግድግዳ ሞልቶ ሳለ ከዘራቸውን የሚያስደግፉት የእኔ ኪቦርድ ላይ ነው። ዘመዶቻቸው በየዓመቱ ዘጌ ላይ ይሰበሰባሉ፤ መንገድ እየተዘጋ ሁለት ጊዜ ከተላለፈ በኋላ፣ ዘንድሮ በጥር፣ በአስተርእዮ ማግስት እንዲሆን ቀን ተቆርጧል። ለዚያ ቀን የቤተሰቡ ታሪክ መጽሐፍ ሆኖ ለዘመድ ሁሉ ይታደላል። «ከአያቴ ከግራዝማች አዘዘ ጀምሮ ያለነውን በሙሉ» አሉኝ፣ ፎቶ ኮፒ የሚጠብቀው ሁሉ እንዲሰማ አድርገው።

ሦስቱን ምዕራፍ ያለ ችግር ጻፍሁ። ስለ ዘጌ ቡናና ስለ ደኑ ነው። በዘጌ ምድር በሬ አይጠመድም፣ አህያና በቅሎ አይገባም የሚለውን የጥንት ደንብ በአራት ገጽ አሞግሰውታል። አራተኛው ምዕራፍ ላይ ግን እጄ ቆመ። ርእሱ «የአያቶቼ የፍቅር ምልልስ» ይላል። ከሥሩ እንዲህ ተጽፏል፦ «አያቴ ግራዝማች ከደጅ ሲገቡ ‹ሀብቴ በዛ› ብለው ይጣራሉ። አያቴ እመት ባንቺአየሁ ከጓዳ ‹ጌታዬ ይግዛ› ብለው ይመልሳሉ። የዚያ ዘመን ባልና ሚስት እንዲህ ተከባብረው ይኖሩ ነበር።»

አነበብሁት። ደግሜ አነበብሁት። ስክሪኑን እንዳልመታው እጄን ከጭኔ ሥር ሸጎጥሁ።

የምን ፍቅር? ይሄ የሰው መጠሪያ ነው። ድሮ ባሪያ ሲገዛ የራሱ ስም ይቀርና ጌታው ደስ ያለውን ሐረግ ያወጣለታል። ሐረጉ ሁለት ቁራጭ ነው። ጌታው የመጀመሪያውን ቁራጭ ብሎ ይጠራል፤ ባሪያው «አቤት» አይልም፣ በ«አቤት» ፈንታ ሁለተኛውን ቁራጭ ይመልሳል። በተጠራ ቁጥር ጌታውን እየመረቀ ይኖራል ማለት ነው። ግራዝማች አዘዘ ቤት «ሀብቴ በዛ» ስትባል «ጌታዬ ይግዛ» እያለች የኖረችው ሴት የእናቴ አያት ናት።

እኛ ቤት ይሄ ታሪክ በር ተዘግቶ ነው የሚነገረው። ከዓባይ ማዶ ተሸጣ ስትመጣ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። ከዚያ ወዲያ ቡና ተሸካሚ ሆነች። አንድ ቀን እንግዶች ተቀምጠው ሳለ ግራዝማች «ሀብቴ በዛ» ብለው ተጣሩ፤ እሷ ያው መልስ ሰልችቷት ኖሮ «ጀርባዬ ወዛ» ብላ መለሰች። እንግዶቹ ሳቁ፤ እሷ ተገረፈች። በሳምንቱ ሲጠሯት «ሰው እየገዛ» አለች። አሁንም ተገረፈች። ግጥም የጀመረችው እንዲህ ነው። ጣሊያን ገብቶ ባሪያ ነጻ ወጣ ሲባል ከዚያ ቤት ወጣች፤ ዕድሜዋ ሃያ ግድም ነበር። በኋላ በሐይቁ ዙሪያ ትልቅ ሰው ሲሞት ታንኳ የሚላክላት አልቃሽ ሆነች። ከማክሰኝት ድረስ ሰው እየመጣ ይወስዳት ነበር ይባላል። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው እንደሚሉት፣ የእሷ ዘር ሆኜ እኔ አንድ ስንኝ አይወጣልኝም፤ ያም ራሱ ያናድደኛል።

ደብተሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ገጹን ገለጥሁት፦

አህያ አገዱ፣ ገዳሙን ፈርተው፣
ቡናውን አወጡት፣ እኔ ላይ ጭነው።

ከግርጌው አቶ ዳኘው በቀይ እስክሪብቶ አብራርተውታል፦ «እመት ባንቺአየሁ ለገዳሙ ካላቸው ፍቅር የተነሣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው የገጠሙት።» በስመ አብ። እመት ባንቺአየሁ እንኳን ቡና ሊሸከሙ የራሳቸውን ነጠላ የሚሸከምላቸው ሰው ነበራቸው። ጀርባዋ የተላጠው ሌላ፣ ገጣሚ የተባሉት ሌላ።

ማታ ለእናቴ ነገርኋት። እናቴ አገርነሽ ትባላለች፤ ሐይቁ ዳር ካለ አንድ ሆቴል አንሶላና ፎጣ ታጥባለች። ገብታ ሻርፗን ሳትፈታ አጫወትኋት።

«እማ፣ የግራዝማች አዘዘ የልጅ ልጅ የትልቋን ግጥም መጽሐፍ ሊያደርገው ነው። በሚስትየዋ ስም።» ቤት ውስጥ ያቺን ሴት «ትልቋ» ነው የምንላት።

«ይሁንለት» አለች እናቴ።

«ምን ማለት ነው ይሁንለት?»

«ዜማ፣ ዝም አይነቅዝም።»

ይህን ተረት እጠላዋለሁ። «ዝም አይነቅዝ ይሆናል» አልኋት፣ «እኔ ግን ነቅዣለሁ።»

እናቴ ተቀመጠችና እጇን ዐየችው። ሳሙናው ያቆሳሰለው እጅ ነው። «በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ባንቺ ዕድሜ ማለት ነው፣ ዘጌ ላይ ታጭቼ ነበር» አለች። ይሄን ዐውቀዋለሁ፤ ግን ስትናገረው አላቋርጣትም። «ጠላው ተጠንስሷል። የልጁ ዘመዶች አጥንት ቆጠሩና ትልቋ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ሽማግሌ ልከው ነገሩ ይቅር አሉ። እናቴ ያን ሁሉ ጠላ ለጎረቤት አደለችው፤ እየጠጡ ያሙን ነበር። ባሕር ዳር መጣሁ። እዚህ አንድም ሰው አጥንትሽ ምንድን ነው አላለኝም። አንቺን ያሳደግሁት በዚያ ነው። ሰውየው የፈለገውን ይጻፍ፤ ሆድ ይፍጀው።»

የእሷን ሆድ ፈጅቶት ይሆናል። የእኔን ግን ያቃጥለዋል እንጂ አይፈጀውም። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርሁ።

በማግሥቱ አቶ ዳኘው ቆሎ በወረቀት ጠቅልለው ይዘውልኝ መጡ። ይሄ ነው የከፋው። ክፉ ሰው ቢሆኑ እንዴት በቀለለኝ። «ዜማዬ፣ የት ደረስን?» አሉ፤ ከዘራቸውን ኪቦርዴ ላይ አስደገፉ።

ከዘራውን አነሣሁና ለእጃቸው ሰጠኋቸው። «አራተኛው ምዕራፍ ስህተት አለበት» አልሁ።

«የፊደል?»

«የሰው።» ከዚያ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ የጥሪውን ነገር፣ የመልሱን፣ የግርፋቱን፣ ግጥሙ የማን እንደሆነ። ፎቶ ኮፒ የሚጠብቅ አንድ ጎረምሳ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ያዳምጠናል።

አቶ ዳኘው ፊታቸው ጠቆረ። «ልጄ፣ እኛ ቤት አገልጋይ እንጂ ባሪያ አልነበረም። እንደ ልጅ ነበር የሚያዙት።»

«ለልጅ ስም ይወጣለታል እንጂ የጌታ ምርቃት ያሸክሙታል እንዴ?»

«ማን ነው ይሄን የነገረሽ?»

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፣ አቶ ዳኘው።»

አቶ ዳኘው ደብተራቸውን ፌስታሉ ውስጥ መለሱ። ሲወጡ ቆሎውን አንሥቼ በር ላይ ደርሼ መለስሁላቸው። አሁን ሳስበው ያ እንኳ ትንሽ በዝቷል።

ሰዓዲያ ከማተሚያው ጀርባ ሆና ሁሉን ሰምታለች። «ወላሂ አንቺ ልጅ ደንበኛ ልትጨርሺብኝ ነው» አለች። «የሰው አያት አንቺን ምን አገባሽ?»

«የኔ አያት ናት።»

ይህን ቃል ከቤት ውጪ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ጎረምሳው አቀረቀረ። ሰዓዲያ ወንበሯን ጎትታ አጠገቤ ተቀመጠች። «እንግዲያውስ ደግ አደረግሽ» አለች። «ቆሎውን ግን መመለስ አልነበረብሽም፤ ርቦኛል።»

ሦስት ቀን አልመጡም። በቃ፣ ሌላ ጽሕፈት ቤት ሄደው አስጻፉት ብዬ ተውሁት። ተውሁት ማለቴ በየሰዓቱ በሩን አያለሁ። በአራተኛው ቀን ጠዋት መጡ። ከዘራቸውን የትም አላስደገፉትም፤ ይዘውት ቆሙ።

«አያቴ ግራዝማች ሲቀበሩ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሁ» አሉ፣ ደህና አደርሽ እንኳ ሳይሉ። «አንዲት ረጅም ሴት በታንኳ መጣች። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላት። ሬሳው ፊት ቆማ

ዛሬስ ዝም አሉኝ፣ ጌታዬ ምነው

ስትል አገሩ ተላቀሰ። ሁለተኛውን መስመር ልትል ስትጀምር አያቴ እመት ባንቺአየሁ ሁለት ጆሮዬን በመዳፋቸው ደፈኑት። ሰው ሁሉ ድንገት ጸጥ ሲል በዐይኔ ዐየሁ። ምን እንዳለች ማንም አልነገረኝም። ስልሳ አምስት ዓመት ሙሉ ምን ብላ ይሆን ስል ኖርሁ።»

እኔ ዐውቀዋለሁ። እናቴ አንሶላ ስታጥፍ ትለዋለች።

ያልመለስሁት መልስ፣ ገና ብዙ ነው።

አልሁላቸው።

አቶ ዳኘው የደንበኛ መጠበቂያው ወንበር ላይ ተቀመጡ። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉት፣ እንደገና አወለቁት። «እኔና እናንተ… በሥጋ ዘመድ ነን እንዴ?» አሉ ቀስ ብለው።

«አይደለንም። የትልቋ ባል ከወንዛዬ የመጣ ሸማኔ ነው።»

«ደግ» አሉ። ለእኔ ይሁን ለእሳቸው ደግ የሆነው አልገባኝም። ቀጠሉና «እንግዲህ ምዕራፉን እናፈርሰዋለን። ባሪያ እንደነበረች ይጻፍ። የገዛናት እኛ እንደሆንን ይጻፍ። ግጥሟ ሁሉ ይግባ፤ የጎደለውን አንቺ ትሞያለሽ። በላዩ ላይ ደግሞ ስሟ፣ በትልቁ። ዘመድ ሁሉ በስሟ ይጥራት። ማተሚያ ቤቱ ዐርብ ይረከበናል። ስሟ ማን ነው?»

ልጽፈው ጣቴን ኪቦርዱ ላይ አኖርሁ።

አላውቀውም። ያን ሁሉ ግጥም በቃሌ ይዤ፣ ያን ሁሉ ተናድጄ፣ ሰው ከነቆሎው አባርሬ፣ ስሟን አላውቀውም። ከትልቋ በቀር ሌላ ሰምቼ አላውቅም።

የዚያ ሳምንት ነገር ሲታወሰኝ አሁንም ጥርሴን ያፋጨኛል። ማታ እናቴን ጠየቅኋት፤ ራቷን አቅርባ «ብዪ» አለችኝ። በማግሥቱ ጠየቅኋት፤ «ደክሞኛል» አለች። መራዊ ያለችው የእናቴ አክስት የሺመቤት ዘንድ ደወልሁ፤ የትልቋ ልጅ ናት፣ ሰማንያ ሊሞላት ነው። ጤናዬን፣ ሥራዬን፣ ባል ማግኘትና አለማግኘቴን ጠየቀችኝ። የእናቷን ስም ስጠይቃት ግን «ከናትሽ አፍ ስሚ» ብላ ዘጋችብኝ። መልሼ ደወልሁ፤ አታነሣም። ረቡዕ መብራት ጠፍቶ ዋለ። ሐሙስ ጠዋት አቶ ዳኘው ደውለው «አገኘሽው?» አሉ። የገዛት ሰው የልጅ ልጅ ስሟን ሊጽፍ ተዘጋጅቶ፣ የገዛ ልጆቿ ስሟን ይደብቃሉ። እንደዚህ ያለ ነገር የት አገር አለ?

ሐሙስ ቀን በምሳ ሰዓት ሆቴሉ ድረስ ሄድሁ። የልብስ እጥበቱ ክፍል በጓሮ በኩል ነው፤ አንሶላው እስከ ሐይቁ ጫፍ ድረስ በገመድ ላይ ተሰቅሏል። እናቴ በአንሶላዎቹ መካከል ቆማ መቆንጠጫ እየለቀመች ነበር።

«እማ፣ ነገ ነው» አልኋት። «ስሟን ካልነገርሽኝ ከዚህ አልሄድም።»

«ሥራ ላይ ነኝ።»

«ስለምትፈሪ ነው። ሰው እንዳይሰማ ስለምትፈሪ የራስሽን አያት ትደብቂያታለሽ። ከነሱ በምን ተሻልሽ?»

ይህን ማለት አልነበረብኝም። እናቴ መቆንጠጫዎቹን ሁሉ አንድ በአንድ ኪሷ ውስጥ ከተተች። ከዚያ እጄን ይዛ ሁለት አንሶላ መካከል አስገባችኝ፤ ከውጪ ማንም አያየንም።

«እፈራለሁ» አለች። «እሱ እውነት ነው። ሌላም ግን አለ። ትልቋ ስትታመም ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። እግሯን እያጠብሁላት እንዲህ አለችኝ፦

ሲሸጡኝ ሲገዙኝ፣ ሁሉን አስረክቤ፣
ስሜን ግን አስቀረሁ፣ ሸሽጌ በልቤ።

‹እናቴ ያወጣችልኝ ስም ነው› አለች። ‹በዚያ ቤት ዐሥራ ሁለት ዓመት ስኖር አንድም ሰው አልሰማውም። እየገረፉ ጠየቁኝ፤ አልሰጠሁም። ከወጣሁ በኋላም በሠርጋቸውም በለቅሷቸውም ስሄድ ስምሽ ማን ነበር ይሉኛል፤ አልሰጠሁም። ላንቺ ሰጥቼሻለሁ። አንቺ ለሴት ልጅሽ ስጪ። ለዚያ ቤት ግን እንዳትሰጪ።›»

«እማ፣ ሰውየው እኮ ተጸጽቷል።»

«ይጸጸት፤ ደግ ነው። እሷ ግን ‹ካልተጸጸቱ በቀር› አላለችኝም። እንዳትሰጪ ነው ያለችኝ።»

«ስንት ዘመን ሆነው! እሷ ሞታለች፣ እነሱም ሞተዋል። ስሟ ካልተጻፈ ማን ያውቃታል?»

«እኔ ዐውቃታለሁ» አለች እናቴ። «አሁን ደግሞ አንቺ ታውቂያታለሽ።» ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብላ ስሙን ነገረችኝ።

አጭር ስም ነው። አማርኛ አይደለም። ትርጉሙን እናቴ አታውቀውም፤ ትልቋም ትንሽ ሆና ስለተወሰደች ቋንቋዋን ረስታው ስሙ ብቻ ነበር የቀራት። ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ፣ አጠራሬ ልክ መሆኑን ሰማች፣ ከዚያ ወደ አንሶላዋ ተመለሰች።

ወደ ሱቁ የተመለስሁት በእግሬ ነው፤ እየተናደድሁ ስለነበር ባጃጅ ውስጥ መቀመጥ አልቻልሁም። በማን እንደምናደድ እንኳ ጠፋኝ። በእናቴ እንዳልናደድ ቃል ጠባቂ ናት። በአቶ ዳኘው እንዳልናደድ ሰውየው የሚችለውን ሁሉ እያደረጉ ነው። የቀረችኝ ትልቋ ናት፤ በእሷ ተናደድሁ። አንቺ ሴትዮ፣ ስንት ሰው የአያቴን ስም አጣሁት እያለ ሲያለቅስ፣ አንቺ በእጅሽ ያለውን ስም እንዴት ቀብረሽ ትሄጂያለሽ? እኔ መጽሐፍ ይዤልሽ ስመጣ፣ የገዙሽ ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው ሲቀበሉሽ፣ አሁንስ አይበቃም? መንገድ ላይ እንዲህ እያልሁ ጮክ ብዬ ሳወራ ሰው ያየኝ ነበር።

ሱቁ ገብቼ ፋይሉን ከፈትሁ። ምዕራፉ አልቋል፤ ግጥሙ ሁሉ ገብቷል። ከላይ ስም የሚገባበት መስመር ብቻ ቀርቷል። ጻፍሁት። የትልቋ ስም ከዚያ በፊት በወረቀትም በስክሪንም ተጽፎ የሚያውቅ አይመስለኝም። በትልቁ ፊደል አድርጌ፣ አድምቄ፣ መሃል ላይ አድርጌ ዐየሁት። ያምራል። እግዚአብሔር ያውቃል፣ በጣም ያምራል። ማስቀመጫውን ተጭኜ ልልከው እችል ነበር፤ እናቴ መጽሐፍ አታነብም፣ የሺመቤትም ዐይኗ ደክሟል። ማንም አያውቅብኝም።

ከዚያ «እየገረፉ ጠየቁኝ፤ አልሰጠሁም» ያለችው መጣብኝ። እየተገረፈች ያልሰጠችውን እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ ልሰጠው ነው። አንድ ፊደል አጠፋሁ። ሌላውን አጠፋሁ። አለቀስሁ፤ ሰዓዲያ ለደንበኛው «ጉንፋን ይዟት ነው» ስትል ሰማሁ።

አቶ ዳኘው ወደ ዐሥር ሰዓት ገደማ መጡ። «አገኘሽው?»

«አገኘሁት።»

«ተመስገን። በይ አሳዪኝ።»

«አልሰጥዎትም።»

ለምን እንደማልሰጣቸው ነገርኋቸው፤ የእናቴን ቃልና ግጥሙን ጨምሬ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ከዘራቸውን እያሽከረከሩ ብዙ አሰቡ። «ባዶ ሊሆን አይችልም እኮ፣ መጽሐፍ ነው» አሉ። «እንግዲያውስ ‹ያልታወቀች ገጣሚ› እንበል።»

«ትታወቃለች።»

«እሺ፣ ሁሉም በሚያውቃት ስም… ‹ሀብቴ…›» ብለው ጀመሩና አፋቸው ላይ ቀረ። ቀና ብለው ዐዩኝ፤ የሠሩትን እኔ ሳልነግራቸው ዐወቁት። ከዚያ በኋላ ስለ ስም አላነሡም። «ባዶውን ተዪው» አሉ።

ዐርብ ማታ ላይ ከማተሚያ ቤቱ ተደወለልኝ። «ገጽ አርባ ሁለት ላይ ስም የሚገባበት ቦታ ክፍት ነው፤ ጽሑፉ ወድቋል መሰለኝ» አለ ሰውየው። «አልወደቀም፤ እንዳለ እተሙት» አልሁት። ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ጠየቀኝ፤ በአራተኛው ስልኩን ልወረውረው ምንም አልቀረኝም።

በጥር፣ በአስተርእዮ ማግስት፣ መጽሐፉን በጀልባ ይዘን ዘጌ ተሻገርን። እናቴ አብራኝ መጣች። ከዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ወዲህ ረግጣው አታውቅም። ለምን እንደምትመጣ ስጠይቃት «ሰውየው ቃሉን ይጠብቅ እንደሆነ ልየው» አለችኝ። ከጀልባው ስትወርድ ሻርፗን እስከ ግንባሯ አወረደችው፤ ዳሱ ውስጥ ከመጨረሻው አግዳሚ ላይ ጥግ ይዘን ተቀመጥን።

ምሳ ተበልቶ መጽሐፉ ታደለ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የራሱን ስም ፈለገ፤ ያገኘ ደስ አለው፣ ፊደሉ የተሳሳተበት አጉረመረመ። ቀስ በቀስ ግን ዳሱ ጸጥ እያለ መጣ። ገጽ አርባ ሁለት ላይ እየደረሱ ነው። አንዳንዱ መጽሐፉን ከደነው። አንዲት አሮጊት «ይሄ ምን ይባላል፣ የቤት ጉድ አደባባይ?» ሲሉ ተሰማ። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ሱፍ የለበሰ፣ አቶ ዳኘው ‹የወንድሜ ልጅ መልካሙ› ብለው ያስተዋወቁን ሰው ተነሣ።

«ጋሽ ዳኘው፣ እዚህ ገጽ ላይ ስም ተዘሏል» አለ። «ግጥሙ የማን ነው?»

አቶ ዳኘው ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። ፊታቸው ዐመድ መስሏል። ማይክ ቀረበላቸው፤ አልፈለጉትም።

«አያታችን ገዝተው ያመጧት ሴት ናት» አሉ። «ጀርባዋ ላይ ቡናችንን ጫንን። ግጥሟንም ወስደን የራሳችን አደረግነው። ስሟን ግን አልሰጠችንም።»

ከፊት የተቀመጠ ሰው «ባሪያ ደግሞ ስም አልሰጥም ይላል እንዴ?» አለ፤ ጥቂቶች ሳቁ። መልካሙ አልሳቀም። መጽሐፉን እንደያዘ ዙሪያውን ተመለከተ። «የሚያውቀው ሰው የለም?» አለ። «ከዚህ ሁሉ ሰው? እኛ ማን ብለን እንጥራት ታዲያ?»

ብድግ አልሁ። እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም፤ ስሙ ጥርሴ ላይ ደርሶ ነበር። ያን የሳቀውን ሰው ፊት ለፊት እያየሁ ልለው አፌን ስከፍት እናቴ ቀሚሴን ይዛ ጎተተችኝና ጭኔን ቆነጠጠችኝ፤ አመመኝ፣ እንባዬ መጣ። ሻርፗን ከግንባሯ ላይ ገፋ አድርጋ፣ ፊቷን ገልጣ፣ ዳሱን ሙሉ እያየች ነበር።

«ቁጭ በይ» አለችኝ። «ይጠይቁ።»